ከውድድር ሜዳ የወጣ የነፍስ አድን ፒካፕ፦ ባትሪውን የሚጨርሰው ሽቦ

አሜሪካ ውስጥ ከመኪና ውድድር ሜዳ አገልግሎቱን ጨርሶ የተሸጠ ፒካፕ ነው። ቆሞ ባደረ ቁጥር ባትሪው ያልቃል። ባትሪው ደህና፣ ዲናሞውም 14.2 ቮልት ይሰጣል።

ቁልፍ ነቅሎ፣ በር ዘግቶ 40 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪያንቀላፉ ንባቡ ያታልላል። ከዚያ በባትሪው ነጌቲቭ ገመድ መሀል የገባው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) 0.9 አምፔር አሳየ። ከ0.05 ማለፍ አልነበረበትም። (በዚህ መሀል ሞተር ማስነሳት የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥላል።)

የፋብሪካውን ፊውዞች አንድ በአንድ መንቀል ምንም አልለወጠም፤ የጣሪያው የማስጠንቀቂያ ብልጭታ መብራት መቆጣጠሪያና የሬዲዮው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳሉ። ሁለቱ ሲነቀሉ 0.03 ሆነ። ቆርጦ በናስትሮ መጠቅለል ግን እሳት መጋበዝ ነው፤ ሽቦው ከባትሪው ጀምሮ ተጎትቶ ይውጣ።

የኋላ መብራቶቹ ለብልጭታ አምፖል 25 ሚሊሜትር ተበስተው ውሃ አስገብተዋል፤ ፍሬቻው ከወትሮው ፈጥኖ ብልጭ የሚለው ሶኬቱ ስለዛገ ነው። ሙሉ መብራቱን ቀይሩ። የጣሪያው መብራት ሲነሳ የሚቀረው ቀዳዳ ዝገቱ ተፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይዘጋ፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ቀይና ሰማያዊ መብራት በብዙ ግዛቶች ለግል መኪና ክልክል ስለሆነ ይነሳ፤ ደንቡ በየግዛቱ ይለያያል።