ቲቪያችሁ የዋይፋይ ፓስዎርዳችሁን አይወቅ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ፣ ቻናል እጭናለሁ፣ ቲቪ እጠግናለሁ። በቀን አራት አምስት ቤት እገባለሁ። ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እየተቆጣ፣ ስለ ዕቁብና ስለ ዕዳ እየተወራ እኔ ከቲቪው ጀርባ ተጎንብሼ ገመድ እፈታለሁ። የሰማሁትን እዚያው በር ላይ ጥዬ እወጣለሁ። ሰው ሳሎኑን የሚከፍትልኝ ይህን አምኖ ነው። ስለዚህ እዚያው ሳሎን ውስጥ ያየውን ጥሎ የማይወጣ ዕቃ መኖሩን ሳውቅ በጣም ከነከነኝ።

ነገሩ የገባኝ ከአንድ ያገለገለ ቲቪ ነው። 43 ኢንች ስማርት ነው፣ ኢንተርኔት የሚገናኝ ማለት ነው። ከሰው የገዛው ደንበኛዬ "ድምፅ እምቢ አለ" ብሎ አመጣልኝ። ስፒከሩን ቀየርኩና ለመሞከር ዩቲዩብ ከፈትኩ። የድሮው ባለቤት አካውንት እንዳለ ቁጭ ብሏል። የታዩት ቪዲዮዎች ተደርድረዋል። መዝሙር አለ፣ የልጆች ካርቱን አለ። ከዚያ ስለ ኩላሊት እጥበት አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ስለ ኩላሊት ልገሳም አለ። ሰውዬውን በመልክ አላውቀውም። የቤቱን ገመና ግን በአንድ ደቂቃ አወቅሁት። ሪሞቱን አስቀመጥኩና ዝም ብዬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም አጠፋሁት። ከስክሪኑ ማለቴ ነው። ወደ ውጭ የሄደውን እኔ ልመልሰው አልችልም።

ደንበኞቼ "እኔ የማየው ዲሽ ነው፣ ዩቲዩብ አልከፍትም፣ ምን አገባኝ?" ይሉኛል። ያገባችኋል። ብዙ ስማርት ቲቪዎች ውስጥ ኤሲአር የሚባል ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ ካለው ምስል ወይም ድምፅ እንደ ጣት አሻራ ያለ ምልክት ይወስዳል። ምልክቱ በኢንተርኔት ይላካል። እዚያ ካለው ማህደር ጋር ይመሳከርና ምን እያያችሁ እንደሆነ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ጥናት ሳምሰንግና ኤልጂ ቲቪዎችን እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ፈትሾ ነበር። ቲቪው በኤችዲኤምአይ ገመድ ሌላ ዕቃ ተሰክቶበት እንደ ስክሪን ብቻ ሲያገለግል እንኳ ምልክቱን ይልክ ነበር። የእኛም ሪሲቨር የሚሰካው በዚያው በኤችዲኤምአይ ነው።

ይህ የፍርሃት ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው የአሜሪካ ቲቪ አምራች ከ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ላይ፣ ተመልካቹ ሳይፈቅድ፣ የሚታየውን በየሰከንዱ ይሰበስብ ነበር ተብሎ ተከስሷል። ጉዳዩን ለመዝጋት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። ጥሩ ነገር ነው። ሳሎናችሁን ግን ዛሬውኑ በእጃችሁ መዝጋት ትችላላችሁ።

ገና ልትገዙ ከሆነ "ኖርማል" ቲቪ፣ ማለትም ኢንተርኔት የማይገናኘውን ጠይቁ። 24 እና 32 ኢንች ላይ አሁንም ይገኛል። ከዚያ በላይ ሲሆን እኔ በዞርኩባቸው ሱቆች ስማርቱ በዝቷል። ሻጩ የሚላችሁን ብቻ አትመኑ፣ ዕቃውን ራሳችሁ እዩ። ሪሞቱ ላይ የዩቲዩብ ወይም የኔትፍሊክስ ቁልፍ ካለ ስማርት ነው። የማይክ ምልክት ካለም እንደዚያው። ከጀርባው የኔትወርክ ገመድ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለው ስማርት ነው። ሱቁ ውስጥ አስከፍቱትና ሜኑውን እዩ፤ "ኔትወርክ" የሚል ነገር ከሌለ በሰላም ተሸክማችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው መንገድ የኮምፒውተር ሞኒተር ነው። እኔ ቤት ያለው እሱ ነው። ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር በጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነው። ኤችዲኤምአይ እንዳለው ብቻ አረጋግጡ። ሪሲቨሩን በዚያ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። ስፒከር የሌለው ከሆነ ድምፁን ከሪሲቨሩ ቀይና ነጭ ገመድ ወደ ቤታችሁ ስፒከር ትወስዱታላችሁ። አካውንት የለ፣ ፓስዎርድ የለ፣ ዋይፋይ የለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቲቪው ኖርማል ሆኖ ሪሲቨሩ ኢንተርኔት ላይ ሊሆን ይችላል። ዞር አድርጉት። ከጀርባው ወይም ከጎኑ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ተሰክታለች? እሷ የዋይፋይ ዶንግል ናት። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ የተዘጋ ቻናል እንከፍታለን ብለው ይሰኳታል። ኢቢኤስን፣ ፋናን፣ ኢቲቪን ለማየት ምንም አትሠራላችሁም። ንቀሏት። ያ ሁሉ ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ ዲሹ ይቀበላል እንጂ መልሶ አይልክም።

ርካሽ የአንድሮይድ ቦክስን፣ ቲቪ ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔት የሚያስገባውን ሳጥን፣ ደግሞ በጭራሽ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ያሉ አንዳንድ ቦክሶች ገና ሳይሸጡ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ተጭኖባቸው እንደሚመጡ ተናግሯል። የተሰኩበትን ቤት ኢንተርኔት ሌሎች ለወንጀል ይጠቀሙበታል። ደንበኛ ይዞልኝ ሲመጣ አልሰካም እላለሁ። ሥራውን አጣለሁ፣ ግን አልሰካም።

ስማርት ቲቪ በስጦታ ከመጣስ? ይህ እኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከዱባይ ትልቅ ስማርት ቲቪ ላከችላቸው። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንደበራ ቋንቋ ጠየቀ፣ አገር ጠየቀ፣ ከዚያ የዋይፋይ ስሞችን ደረደረ። የብሎኩ ዋይፋይ ሁሉ እዚያ ነው። እማማ ፓስዎርድ የተጻፈባትን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ።

"እማማ፣ ይቅር" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ? ያየኛል እንዴ?"

"ካሜራ የለውም። ግን እርስዎ የሚያዩትን ያያል፣ ለሌላ ይናገራል።"

ወረቀቷን አጥፈው መለሷት።

ታች ጥግ ላይ "ስኪፕ" ወይም "በኋላ" የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። ደብዘዝ ተደርጎ ነው የሚጻፈው። ሪሞቱን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን እየገፋችሁ ፈልጉት። ቀጥሎ ረጅም ስምምነት ይመጣል። ከላይ "ሁሉንም እቀበላለሁ" የሚል ትልቅ ሳጥን አለ፣ እሱን አትንኩ። ከሥሩ ከተዘረዘሩት የግድ የተባለውን ብቻ ምረጡ። ማስታወቂያ፣ የድምፅ ትእዛዝ፣ የምታዩትን መመዝገብ የሚሉትን ባዶ ተዉአቸው። አካውንት ሲጠይቅም እለፉት። በመጨረሻ ሶርስ ውስጥ ገብታችሁ ኤችዲኤምአይ 1ን ምረጡ። የእማማ ቲቪ እንዲህ ሆኖ በየቀኑ ቅዳሴ ያሳያቸዋል።

"አፕዴት ካላደረጋችሁት ይበላሻል" የሚላችሁ ሰው አለ። በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ ወደ እኔ የመጣ ቲቪ አላየሁም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቃጠለ ግን ስንቱን አይቻለሁ! ገንዘባችሁን ጥሩ ስታቢላይዘር ላይ አውሉት።

ፊልም በፍላሽ ማየት ይቻላል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ግን ቲቪው ኦንላይን ከሆነ ፍላሽም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ እንግሊዛዊ የኤልጂ ቲቪውን ሲፈትሽ፣ ፍላሹ ላይ ያሉትን የፋይል ስሞች ሳይቀር ወደ ውጭ ሲልክ ይዞታል። የሠርግና የልጆች ቪዲዮ የምታዩበት ቲቪ ከዋይፋይ የተላቀቀ ይሁን። ዩቲዩብ በትልቅ ስክሪን ካማራችሁ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ሰኩ። ኢንተርኔቱ ላፕቶፑ ላይ ይቅር።

ቀድሞ የተገናኘ ቲቪ ካላችሁ ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፓስዎርዱን ያስታውሳል፤ ልጅ በስህተት አንዲት ቁልፍ ሲነካ ተመልሶ ይገባል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት፣ ሪሴት ማለት ነው። ከዚያ ለእማማ እንዳደረግኩት አድርጉ። ቀጥሎ የራውተራችሁን ፓስዎርድ ቀይሩና ስልክና ላፕቶፕ ላይ ብቻ አስገቡት። የስልክ ሆትስፖት ሰጥታችሁት ከነበረ የእሱንም ቀይሩ። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡና የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ቁጠሩ። በቤት ውስጥ ካሉት ስልኮችና ላፕቶፖች አንድ ከበለጠ፣ ያ አንዱ ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትተኙ።

ቤተሰቡ እምቢ ብሎ ቲቪው ኢንተርኔት ላይ ከቀረ፣ ቢያንስ ኤሲአሩን ዝጉት። ሳምሰንግ ላይ "ቪውዪንግ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስስ"፣ ኤልጂ ላይ "ላይቭ ፕላስ" ይባላል። ያ የ2024ቱ ጥናት ይህ ሲዘጋ መላኩ እንደሚቆም አይቷል። ካሜራ ያለው ከሆነ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉበት።

ስትሸጡት ደግሞ መጀመሪያ ሪሴት፣ ከዚያ ብር መቀበል። ፓኔሉ ተሰብሮ ምንም የማይታይ ከሆነ ሪሴት ማድረግ አይቻልም። ያኔ በስልካችሁ ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ። የተገናኙ ዕቃዎች ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ቲቪውን ፈልጉና "ሳይን አውት" በሉት። ለመለዋወጫ ብላችሁ ወደ እኔ የምታመጡትንም እንዲሁ አድርጉ። ካልቻላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እዚያው ፊታችሁ አብረን እናወጣዋለን።