ምግብ ሲመርዛችሁ እንዴት ታውቃላችሁ፣ ለማንስ ትናገራላችሁ?

ኮምቦልቻ ሠርግ በልተን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ አቮካዶ ጁስ ጠጣን። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን አራታችንንም ሆዳችንን ይቆርጠን ጀመር። ተቅማጡ አላስተኛንም። «ጁሱ ነው!» ተባለ። ጁስ በአፉ ያልዞረው አጎቴ ግን ከሁላችንም በላይ ሽንት ቤት ተመላልሷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። መጨረሻ የበላችሁትን ብቻ አትክሰሱ። አንዳንዱ መርዝ በ30 ደቂቃ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊቆይ ይችላል። ወረቀት አውጡና ቢያንስ የ3 ቀኑን ጻፉ፦ ምን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። ከዚያ የታመሙት በልተውት ጤነኞቹ ያልነኩትን ፈልጉ። እኛ ዘንድ የቀረው የሠርጉ ሥጋ ወጥ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ የበላነው። ለካ በዋዜማው ተሠርቶ በትልቁ ድስት አድሯል። ትልቅ ድስት መሃሉ ቶሎ አይበርድም። ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ አይበርድም። ለብ ያለ ወጥ ለባክቴሪያ ሠርጉ ነው።

ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ትኩሳት ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። እኛ ጋ ቶሎ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል። ዳማከሴን አልጠላም፤ የፈሰሰውን ውሃ ግን አይተካም። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የፈሰሰውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። ከጠፋ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ለክታችሁ እንጂ በግምት አይደለም። ፉት እያላችሁ ጠጡ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ከፋርማሲ በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ።

ደም ከታየ፣ ትኩሳቱ 39 ከደረሰ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ዐይን ብዥ ካለ ወይም ተቅማጡ 3 ቀን ካለፈ «አብሽር፣ ይተዋል» አይሠራም፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል ሰዓትም አይሰጥም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ቀድመው ይታዩ።

ሐኪሙን «ሆዴን አመመኝ» ብቻ አትበሉት። «አብረን በልተን አራት ሆነን ታመምን» በሉ፤ ነገሩ የአንድ ሰው ሕመም አለመሆኑን የሚያውቀው ያኔ ነው። ምግብ ቤት ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ለከተማው ጤና መሥሪያ ቤት አመልክቱ። የታሸገ ምግብ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 አለ። ማሸጊያውን አትጣሉ፤ የምርት መለያ ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን እሱ ላይ ነው። ፌስቡክ ላይ ስም ማጥፋቱ ይቆይ። እኛም ሌሊቱን ጁስ ቤቱን ልንለጥፈው ነበር።

የተረፈውን ምግብ ለምርመራ እንዲሆን በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ፣ «አይበላም» ብላችሁ ጽፋችሁበት ፍሪጅ አስቀምጡ። እኛ በማግስቱ ኮምቦልቻ ስንደውል ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል።