የክላሲክ መስል ካር የኋላ ጎማ ሲነካ፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ከኋላ ጎማው የመኪናውን አካል ነካ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አውጥቶ ዕቃ ማዘዝ ነው። ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጪ የሚገፋ ቀለበት) ያዛል፣ ኤር ሾክ (አየር የሚሞላ ሾክ) ያዛል፣ የባሰበት ደግሞ ግራይንደር ያነሳል። የድሮ ሸቬል፣ ካማሮ፣ ሙስታንግ ምናምን፣ ማለትም ባለ ትልቅ ሞተር የአሜሪካ መስል ካር ያላችሁ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ከኋላ ወፈር ያለ ጎማ የማይፈልግ የለም፣ መኪናው ግን ለሱ አልተሰራም። የ1970 ሸቬል ኤስኤስ 396 ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ኤፍ70-14 የሚባል ጎማ ነው፣ በዛሬው አጻጻፍ ወደ 225/70-14 የሚጠጋ ማለት ነው፣ እኛ እዛው ቦታ ላይ 275 (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው) ለመክተት ነው የምንታገለው። አይገባም አላልኩም፣ ይገባል፣ ግን ከታች ያሉትን ነገሮች ሳታዩ ብር አታውጡ።

የት እንደሚነካ ሳያውቁ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌሎቹ በሙሉ ከዚህ ነው የሚወለዱት። "ከኋላ ይነካል" ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከውጪ ፓራፋንጎው ከንፈር (የታጠፈው ጠርዝ) ላይ ነው? ከውስጥ ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) ላይ ነው? ሻንሲው ላይ ነው? ሾኩ ላይ ነው? ወይስ የጭስ ማውጫው ቱቦ ተንሻፎ ነው? ከውጪ የሚነካን ጎማ በስፔሰር ወደ ውጪ ብትገፉት ማባባስ ነው፣ ከውስጥ የሚነካውን ደግሞ ፓራፋንጎ ብታጥፉለት ቀለም ከማበላሸት ውጪ ምንም አይፈይድም።

ማወቂያው ቀላል ነው፣ ጠመኔ ግዙ። የጎማውን ሁለቱንም ትከሻ፣ የውስጡንም የውጪውንም፣ ዙሪያውን በጠመኔ ቀቡት፣ ፓራፋንጎው ከንፈር ላይ ደግሞ የቀለም ቤት ወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዛ እንደሚነካ የምታውቁት መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱትና ተመልሳችሁ እዩ። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ላይ መልሱ አለ። ከስር ገብታችሁ በባትሪ ስታዩ ደግሞ የሚነካው ብረት ላይ ዝገቱ ተፍቆ ያብለጨልጫል፣ ያ አይዋሽም።

አንድ ጓደኛዬ ሸቬሉን ይዞ መጣና "ጎማውን ልቀይረው ነው፣ ትልቅ ሆኖብኛል" አለኝ። ጎማውን አውልቀን ስናየው የውጪው ትከሻ ላይ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ዙሪያውን አለ። ፓራፋንጎ ሲነካ እኮ እንደዛ አይደለም፣ ሰፋ አርጎ ነው የሚፍቀው። ጣታችንን በከንፈሩ ውስጥ በኩል ስናሳልፍ የክሮም ጌጡን የያዙት ብሎኖች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ወጥቷል፣ አንዱ ከሌሎቹ ረዝሟል፣ የሆነ ሰው ድሮ ጠፍቶበት ያገኘውን ረጅም ብሎን ነው ያሰረበት። አጭር ብሎን ገባበት፣ አለቀ። ጎማው ከዛ ወዲያ አልነካም።

"እገሌ 275 አስገብቷል" ብሎ ቸርኬ መግዛት

የሰው መኪና የሰው ነው። እሱ ስንት ስፋት ያለው ቸርኬ፣ ስንት ባክስፔሲንግ እንዳለው፣ ሞላው አዲስ ይሁን የወደቀ አታውቁም። ባክስፔሲንግ የሚባለው ቸርኬው አክስሉ ላይ ከሚቀመጥበት ፊት እስከ ውስጠኛው ጠርዝ ያለው ርቀት ነው፣ የጎማውን ስፋት ከምታዩ በፊት እሱን እዩ።

ሂሳቡን ላስረዳችሁ። 7 ኢንች የሚባል ቸርኬ ከጠርዝ ጠርዝ ስትለኩት ወደ 8 ኢንች ይመጣል፣ 8 የሚባለው ወደ 9፣ ምክንያቱም ስሙ የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት እስከሚቀመጥበት ነው። አሁን 7 ኢንች ቸርኬ በ4 ኢንች ባክስፔሲንግ ነበራችሁ እንበልና ወደ 8 ኢንች ልትሄዱ ነው። 8ቱን በዛው በ4 ባክስፔሲንግ ከገዛችሁት የተጨመረው 1 ኢንች በሙሉ ወደ ውጪ ሄደ ማለት ነው፣ ፓራፋንጎው ይበላችኋል። በ4.5 ከገዛችሁት ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጪ። በ5 ከሆነ በሙሉ ወደ ውስጥ፣ ባሌስትራውን ወይ ሻንሲውን ፈልጉ። አያችሁ፣ ያው ጎማ ያው 8 ኢንች ሆኖ ባክስፔሲንጉ ብቻ ነው አንዱ ላይ የሚያስነካው ሌላው ላይ የማያስነካው።

ቁመቱንም አትርሱ። 245/60-15 ወደ 26.6 ኢንች ነው፣ 275/60-15 ደግሞ 28። ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ወደ ፊትም ያድጋል፣ ስለዚ ጎን ላይ ቦታ አለኝ ብላችሁ የከንፈሩ የፊት ጥግ ላይ ሊነካባችሁ ይችላል። የኋላ ዲስክ ፍሬን የቀየራችሁ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ኪት ቸርኬው የሚቀመጥበትን ፊት ወደ ውጪ ስለሚገፋው የድሮ ልኬታችሁ አይሰራም፣ እንደገና ለኩ።

አንድ ጎን ለክቶ ሁለቱም እንደዛው ነው ማለት

እነዚህ መኪናዎች ሲገጣጠሙም ሚሊሜትር አልተቆጠረላቸውም፣ ከ50 ዓመት በላይ ሲነዱ ደግሞ ተጋጭተው ተበይደው ነው የኖሩት። በግራ ግማሽ ኢንች ቦታ ያለው በቀኝ ሩብ ቢሆን አይግረማችሁ። ሁለቱንም ለኩ፣ ቸርኬ ስታዙ በጠባቡ ጎን እዘዙ።

ያለቀውን ጎሚኒ ትቶ ከጎማው ጋር መጣላት

እዚጋ ትንሽ ልቆይ። ጎሚኒ የሚባለው መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ ነው። ጎማው አንድ ጎን ብቻ ከነካ፣ ወይ ሲታጠፍ ብቻ ከነካ፣ ችግሩ የጎማው ስፋት ላይሆን ይችላል፣ አክስሉ ነው የሚሄደው። ከ1964 እስከ 1972 ያሉት ሸቬሎች ከኋላ ሞላ ነው ያላቸው፣ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዙት፣ ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኙት ክንዶች የላይኛዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ ሰያፍ ሆነው ስለተገጠሙ ማለት ነው። የክንዶቹ ጎሚኒ ካለቀ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ካሮሴሪው አክስሉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ቆሞ ስትለኩት ግን ቦታ አለው፣ ሰው ግራ የሚገባው ለዚህ ነው። አራቱን ክንዶች ከነጎሚኒያቸው መቀየር ከጎማና ቸርኬ ይረክሳል።

ሙስታንግና ካማሮ ደግሞ ባሌስትራ ናቸው። እነሱ ላይ የፊቱን ዓይን ጎሚኒ፣ የኋላውን ሻክል (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ የሚይዘው ማንጠልጠያ)፣ አክስሉን ባሌስትራው ላይ የሚያስሩትን የዩ ቦልቶች ዳዶ እዩ። ባሌስትራውን መሀል ላይ አስሮ አክስሉን ቦታ የሚያሲዘው ቡሎን ከተቆረጠ አክስሉ ወደ ኋላ ወይ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ያኔ ጎማው የፓራፋንጎውን የፊት ወይ የኋላ ጥግ ይነካል። መሪውን ቀጥ አርጋችሁ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በግራም በቀኝም ለኩ፣ ልዩነት ካለ ጎሚስታ ጋር ሳይሆን ከስር ነው ስራችሁ። የደከመ ባሌስትራም ያው ነው፣ ኋላው ወድቆ ተቀምጦ ጎማው ትልቅ ነው ትላላችሁ።

በኤር ሾክ ከፍ ማድረግ

የ70ዎቹ መድሃኒት ነው፣ አሁንም የሚያደርገው አለ። ኋላውን አንስቶ ጎማውን ከከንፈሩ ያርቀዋል፣ እውነት ነው። ግን የሾክ መያዣው መኪናውን እንዲሸከም አልተሰራም፣ ሸክሙ የሞላው ወይ የባሌስትራው ነው። ቆይቶ መያዣው ላይ ላሜራው ይሰነጠቃል፣ መኪናው ይነጥራል፣ ከውስጥ የሚነካውን ደግሞ በጭራሽ አይፈታም። ከፍታ ከጎደላችሁ ትክክለኛውን ሞላ ወይ ባሌስትራ ግዙ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ስፔሰር ከቶ ዳዶውን አለመቁጠር

ከውስጥ የሚነካ ከሆነ ስፔሰር ይሰራል፣ አልጠላውም። ግን ስፔሰሩ በወፈረ ቁጥር ዳዶው የሚይዘው የቡሎን ርዝመት ያጥራል። ደንቡ ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት የሚል ነው። የሙስታንግ የጎማ ቡሎን ግማሽ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ አለው፣ ስለዚ ዳዶው በትንሹ 10 ሙሉ ዙር መዞር አለበት፣ ከ10 በታች ከሆነ ረጅም ቡሎን ቀይሩ። በእጃችሁ እያዞራችሁ ቁጠሩት፣ በአየር ሽጉጥ ብቻ "ጥብቅ አለ" ብላችሁ አትነሱ፣ ያለቀ ጥርስም ጥብቅ ይላል። ጥቂት ማይል ከነዳችሁ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ድገሙት።

ከንፈሩን በመዶሻ ወይ በግራይንደር

ከውጪ በትንሹ የሚነካ ከሆነ የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ ማጠፍ ጥሩ መፍትሄ ነው፣ ችግሩ አሰራሩ ነው። መጀመሪያ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከንፈሩ አካባቢ አስጠጉ፣ ካልያዘ ከስር ስቱኮ ነው ያለው፣ ስቱኮ አይታጠፍም ይሰነጠቃል። ብረት ከሆነ ቀለሙን በሙቅ አየር እያሞቃችሁ፣ አክስሉ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ማጠፊያ ሮለር ተከራዩና በትንሽ በትንሹ ብዙ ጊዜ አመላልሱት። በአንዴ ልጨርስ ካላችሁ ከላይ ላሜራው ይጎብጣል፣ ከዛ ቀለም ቤት ነው።

መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ የውጪው ላሜራና የውስጡ የጎማ ቤት የተያያዙት እዛው ከንፈር ላይ ባለች የነጥብ ብየዳ ነው። ከንፈሩን በግራይንደር ስትቆርጡ ብየዳዋን አብራችሁ ቆረጣችኋት፣ ሁለቱ ላሜራዎች ተለያዩ፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል። የግድ ከሆነ እየቆረጣችሁ እየበየዳችሁ፣ ከዛ ማሸጊያና ቀለም።

በክሪክ ተነስቶ "አይነካም" ማለት

መኪናው በካሮሴሪው ተነስቶ አክስሉ ሲንጠለጠል ጎማው ዙሪያውን ሰፊ ቦታ አለው፣ ያ ልኬት ለምንም አይረባም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ያዙ፣ መቆሚያዎቹን አክስሉ ስር አድርጉ፣ መኪናው ክብደቱ ላይ ተቀምጦ ለኩ። ከዛ የአክስሉን አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ አንሱት፣ አንዱ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን ታያላችሁ፣ አክስሉ ስለሚያጋድል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይተኛል። ከውስጥ በኩል ከግማሽ ኢንች በታች የቀረው ነገር እኔ አላምነውም፣ ሞላ ባለው መኪና ላይ ከዛም በላይ እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው ሙከራ ጭነት ነው፣ ምክንያቱም ብቻችሁን ስትነዱት የማይነካ መኪና ቤተሰብ ጭናችሁ ከፓርኪንግ ስትወጡ ሊነካ ይችላል። ታንኩን ሙሉ፣ ከኋላ ሁለት ደህና ክብደት ያላቸው ጓደኞች አስቀምጡ፣ ጠመኔውን እንደገና ቀቡና ስፒድ በምፕ ላይ በሰያፍ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ከዚህ በኋላም ከነካ 275ቱን አውርዳችሁ 255 እሰሩ። የጎኑ ክር የታየበት ጎማ ግን አይጠገንም፣ ጎሚስታው "እሰራዋለሁ" ቢላችሁም ጣሉት።