የተጋጨች መኪናህን ራስህ ልትሠራት ነው? እነዚህን ስህተቶች ተዋቸው

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወዳለው ጋራዣችን አንድ ወጣት ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ፌስታሉን መሬት ላይ ዘረገፈው፦ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቪቲ፣ ጆሮው የተሰበረ የፕላስቲክ መያዣ፣ ሁሉም እንደ ቆሎ ተደባልቆ። ቪትዙ ቤቱ ግቢ ውስጥ ፊቷ ተገንጥሎ ቆማለች። «አቦ፣ መፍታቱን ጨርሻለሁ፤ የቀረው መግጠም ብቻ ነው» አለኝ።

ሳቅሁበት፤ ግን ወደድኩት።

ባትላሜራ ነኝ፣ የተጋጨ መኪና አካል የማቃና፤ መዶሻ ከያዝኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ሰው መኪናውን በገዛ እጁ መሥራቱ አይከፋኝም። ዕቃ ተወዷል፣ የእጅ ዋጋ ተወዷል፣ የእኛንም ወረፋ አውቀዋለሁ። ባምፐር፣ መብራት፣ ስፔኪዮ፣ በቡሎን ብቻ የታሰረ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ከሆነና ቁልፍ ከነትዕግሥቱ ካለህ፣ እኔ ጋ ምን አመጣህ? የሚያናድደኝ ጉዳቱን በቅጡ ሳያይ «እኔው እሠራታለሁ» ብሎ የሚቆርጠው ሰው ነው። (አንተ እያልኩ ስለምጽፍ አትቀየሙኝ፤ ድሬ ላይ አንቱ አይሠራም።)

ላሜራውን አይቶ መወሰን

ይሄን ስንት ጊዜ አየሁት! ባምፐር ተሰንጥቋል፣ አንድ መብራት ወጥቷል፣ ኮፈኑ በአንድ በኩል ብድግ ብሏል። ባለቤቱ አንዴ ዞር ብሎ ያያትና «ቀላል ናት» ይላል። በምን አወቅህ? ባምፐር ፕላስቲክ ነው፤ ተጨምቆ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከኋላው ያለው ብረት አይመለስም። እነዚህ ትንንሽ የቤት መኪኖች እንደ ድሮ ላንድክሩዘር ለብቻው ሻንሲ፣ ማለትም አካሉን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ሻንሲ ነው። ፊታቸው ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲጨማደድ ነው የተሠራው፣ የግጭቱን ጉልበት እዚያው ውጦ አንተ ጋ እንዳይደርስ። ስለዚህ ከውጭ ምንም ያልሆነች የምትመስል መኪና ከውስጥ ተጣምማ ልታገኛት ትችላለህ።

አንድ የሐረር መምህር ነበር። ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት፣ ኩርባ ላይ፣ ኮሮላውን ከአይሱዙ ኋላ አላተማት። እጁ ወርቅ ነው፤ ባምፐሩን፣ መብራቱን፣ ኮፈኑን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ገጠማቸው። በእውነት አምሮበት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ እኔ ጋ መጣ፤ አዲስ ጎማው በአንድ ጎኑ ተላጭቷል፣ መሪው ወደ ግራ ይስባል፣ አላይመንት ሁለት ጊዜ አሠርቷል። ሊሾ ላይ አቆምናት። ከሥሯ አራት ቦታ መርጠን ቱንቢ (ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ክብደት) ጣልንና ነጥቦቹን በጠመኔ ምልክት አደረግን። ገፍተን አወጣናትና በሜትር ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ፣ እንደ X፣ ለካን። አንደኛው መስመር ከሌላኛው በ14 ሚሊ ሜትር በለጠ። አንድ ጣት ማለት ነው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን ሲያይ ቆየና «እና ያ ሁሉ የገጠምኩት?» አለኝ። ያ ሁሉ የገጠመው ወለቀ። ብረቱ በሰንሰለት ተስቦ ቦታው እስኪገባ የእጅ ዋጋ እንደገና ከፈለ።

አየህ፣ ይሄን ልኬት ለመውሰድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ደልዳላ መሬት፣ ክር ከነቱንቢው፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ አንድ ጓደኛ፤ በቃ። ከግራና ከቀኝ አንድ ዓይነት የፋብሪካ ቀዳዳ ምረጥ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ካለፈ ካቻቢቴህን አስቀምጥ። ከዚያ በፊትም ምልክቶቹ ይነግሩሃል፦ በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከግራ ከቀኝ እኩል ነው? በሩ ሳትገፋው ይዘጋል? ሞተሩ ሥር ባለው ረጅም ብረት ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል? ከኋላ ተገጭታ ከሆነ የሻንጣውን ምንጣፍ አንሳና የወለሉን ላሜራ በእጅህ ዳብሰው፤ መጨማደዱን ከዓይን ይልቅ ጣት ቶሎ ያገኘዋል።

ይሄን ሳትለካ ዕቃ አትግዛ።

በምርቃና መፍታት

የከተማችን ልጆች ይረዱኛል። በርጫው ደርቷል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሁሉም መሐንዲስ ሆኗል። «ወላሂ ይቺማ የሁለት ሰዓት ሥራ ናት!» ይባልና መፍታት ይጀመራል። አመሻሹ ላይ ምርቃናው ሲወርድ መኪናዋ ግማሽ አካሏ መሬት ላይ ነው፤ የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ የለም። ስትፈታ በየደረጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ቡሎኑን በወጣበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ እየወጋህ አጠገቡ ጻፍበት። ፌስታል የሽንኩርት ነው።

ኢንሹራንስ ሳያያት መንካት

ሙሉ ኢንሹራንስ ካለህ ገማቹ አይቶ ፎቶ እስኪያነሳ አንድ ቪቲ እንዳትፈታ። የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ያለህ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሁሉም እንዲገባ የተገደደው ማለቴ ነው፣ እሱ የገጨኸውን ሰውና ንብረት እንጂ የራስህን መኪና አያሠራልህም። ገጪው ሌላ ሰው ከሆነም የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ሳትይዝ አትነካካት።

ኤርባግ

አንዴ ከፈነዳ አለቀ። አጣጥፎ በማስቲሽ የመለሰ ሰው አጋጥሞኛል፤ አልቀለድኩም። ቀበቶውም አብሮ ይታያል፤ ብዙ መኪና ላይ በግጭቱ ቅጽበት ቀበቶውን ወጥሮ የሚይዝ ባሩድ ያለው ትንሽ ዕቃ አለ፣ እሱም የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ የባሰው ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋን የኤርባግ መብራት ለማጥፋት ሬዚስተር የሚያስረው ነው። ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያለ ይመስለዋል፤ መሪው ውስጥ ግን ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ ላላት ሴት «ንጹሕ ናት» ብሎ ይሸጣታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ደጃፌ ላይ ይዞ የመጣ ሰው የምመልስለትን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

ያልፈነዳውም ይፈራል። ባትሪ ነቅለህ ወዲያው የኤርባጉን ሶኬት አትጎልጉል፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ ይላል። እኔ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው።

ራዲያተሩን ሳይፈትሹ ደንገጎን መውጣት

ይሄንን እኔው ሠርቼዋለሁ። ፊቷን የተመታች ዲኤክስ ነበረች። የራዲያተሩን መደገፊያ አቃናሁ፣ ውኃ ሞላሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆማ ሠራች። የሙቀት ቀስቷ ግማሽ ላይ ረጋች። ባለቤቱ ሐረር ለቅሶ ነበረበትና ቸኮለ፤ «ሂድ» አልኩት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን ጨርሰህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ደርሰሃል። ያንን ሁሉ ዳገት በቀትር ፀሐይ በሁለተኛ ማርሽ። የፀጉር ያህል የነበረው ስንጥቅ በግፊቱ ተከፈተና ውኃውን ጨረሰ። ሰውየውም «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያለ ነዳት። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣመመ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጠለ። የቴስታታውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ እሱ ግን ቀብሩ አምልጦታል። እስካሁን ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ነኝ ዓይኑን የማላየው።

አሁን ፊቷን የተመታች መኪና ስትመጣ ራዲያተሩን አውርጄ፣ አፎቹን ደፍኜ፣ በፓምፕ ቀስ ብዬ አየር ሰጥቼ በርሜል ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ጎሚስታ ከመነዳሪ እንደሚፈትሸው። አረፋ ካየሁ አልገጥመውም። ቬንቲሌተሩም ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ እስኪነሳ ቆሜ አየዋለሁ።

ስቱኮና እሳት

ስቱኮ፣ ከቀለም በፊት ላሜራ ላይ የሚለጠፈው ሊጥ፣ እንደ በርበሬ ነው፤ ሲበዛ ያበላሻል። ላሜራውን በደንብ ሳታወጣ ጉድጓዱን በስቱኮ ከሞላኸው በድሬ ሙቀትና በኮብልስቶኑ ንቅናቄ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ከ3 ሚሊ በላይ አታልብሰው። ያገለገለ መኪና ስትገዛም ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አካሏን ዙር፤ የማይዝበት ቦታ ላይ ወፍራም ስቱኮ ተኝቷል።

እሳትን በተመለከተ፣ የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች እየቀጠቀጡ ያረጁ ባለሙያዎች ላሜራውን አግለው ሲመልሱት እያየሁ ነው ያደግሁት። ያ ብረት ለስላሳ ነበርና ይቀበላቸው ነበር። የዛሬ መኪና የበር ምሰሶ ግን እጅግ ጠንካራ ብረት ነው፤ ስታግለው ቅርጹ ቢመለስም ጥንካሬው ይሄዳል። ወንድሜ፣ የበር ምሰሶ፣ ብየዳ፣ መሪና ፍሬን ላይ አትለማመድ።

የቀሩት

በክሪክ ብቻ ወይም በድንጋይ የተደገፈ መኪና ሥር አትግባ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግቢ ውስጥ ቀለም አትቀባ፤ አሸዋውን አብረህ ነው የምትቀባው። መብራት ከቀየርክ በማታ ግድግዳ ላይ አብራና ከፍታውን አስተካክል፤ ደንገጎ ላይ የሚመጣብህን ሹፌር ዓይን አታጥፋ።

የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኳም ጋራዣችን መምጣት ጀምራለች። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ካየህ እጅህን ሰብስብ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ወለሏ ሥር ያለው ባትሪ ተመትቶ ከሆነም ቤትህ ጥግ ጥላ ሥር አታቁማት፤ ከሰውም ከቤትም ራቅ አድርጋት።

ያ የፌስታሉ ልጅ? እሑድ ግቢው ሄጄ በቱንቢ ለካንለት፤ መስመሮቹ በ2 ሚሊ ብቻ ተለያዩ። የራዲያተሩን ፈተና ጋራዥ እናደርግለታለን፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ቡሎኖቹን ካርቶን ላይ ስንለይ አመሸን። አራቱ የት እንደሚገቡ እስካሁን አልታወቀም፤ አንዱ ጭራሽ የቪትዝ አይደለም።