የከተማችሁ ፕላን ሲከለስ አስተያየት እንዴት እንደሚሰጥ

በረቂቅ ፕላኑ ላይ አንድ የ15 ሜትር መንገድ የእናቴን ወጥ ቤትና የውሃ ጉድጓድ አቋርጦ ያልፍ ነበር። ጊዜው ሳያልፍ አቤቱታ ጽፌ አስገባሁ። የጻፍኩት ግን ስለ ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ስህተቴን ቁጥር 3 ላይ አስረዳለሁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፤ ከመጽደቁ በፊትም ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ ውይይት ሊደረግበት ይገባል። የትኛው ሰፈር መኖሪያ፣ የትኛው ንግድ፣ የትኛው አረንጓዴ ቦታ እንደሚሆን፣ የመንገዱ ስፋትና የሕንፃው ከፍታ የሚወሰነው እዚያና እሱን ተከትሎ በሚወጣው የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ነው። ከጸደቀ በኋላ የግንባታ ፈቃድ ስትጠይቁ ባለሙያው የሚያየው ያንኑ ነው። መንገድ ደርሶባችሁ ብትነሡ ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የምትከራከሩት በአብዛኛው ስለ ካሳው ነው። መንገዱ በሌላ በኩል ይሂድ ለማለት ጊዜው ረቂቁ ላይ ሳለ ነው።

1. ቀድማችሁ ስሙ። ቀያሾች ሰፈር ውስጥ ሲዞሩ ወይም አጥር ላይ ቀለም ሲቀቡ ካያችሁ ማስታወቂያ አትጠብቁ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ረቂቁ መቼ እንደሚቀርብ ጠይቁ። ቀኑን ስታውቁ ለዕድራችሁ ዳኛ ንገሩ። ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚያነበው ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ዕድር ላይ የተነገረ ግን በየቤቱ ይደርሳል።

2. ካርታውን በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶም አንሡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ ካርታዎች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ አንዱ ነባሩን ሁኔታ፣ ሌላው ወደፊት የታሰበውን የሚያሳይ ነው። ጎረቤታችን ነባሩን አይቶ «ቤቴ እንዳለ ነው» ብሎ ደስ ብሎት ተመለሰ፤ የታሰበውን አላየውም ነበር። ርዕሱን አንብቡ። ቀለሞቹንም በግምት አትፍቱ፤ ጥግ ላይ ያለውን መፍቻ ተመልከቱ። የመሬት አጠቃቀሙ፣ የመንገዱና የሕንፃ ከፍታው ካርታ ለየብቻ ስለሚሆን ሦስቱንም ጠይቁ።

3. ቦታችሁን ካርታው ላይ በትክክል አግኙ። እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

በይዞታ ማረጋገጫው ላይ የቦታው ማዕዘኖች የት እንደሆኑ የሚያሳዩ ኤክስና ዋይ ቁጥሮች አሉ። እኔ እነሱን ስልኬ ላይ ባለ የካርታ መተግበሪያ አስገባሁና የወጣልኝን ነጥብ ከረቂቁ ጋር አመሳክሬ አቤቱታዬን በዚያው ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ «የጠቀሱት ቦታ ወንዝ ዳር ያለ አረንጓዴ ቦታ ስለሆነ መንገዱ አይነካውም» ይላል። እናቴ ከወንዙ ሩቅ ናት! ባለሙያ ጠይቄ ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ፕላኑ ጸድቆ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአገራችን ብዙ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ነው። ስልካችን የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ቁጥሮቹ በመልክ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መሬት ላይ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የአዲንዳንን ቁጥር እንዳለ ስልክ ላይ ስታስገቡ ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። በትንሽ ከተማ ይህ ሌላ ሰፈር ማለት ነው።

ስለዚህ ይዞታ ማረጋገጫችሁ ላይ «አዲንዳን» የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ ካለ ቁጥሩን የሚቀይርላችሁ ቀያሽ ፈልጉ። እኔ አሁን ከስልክ ይልቅ የማምነው ሜትርን ነው። በረቂቁም በመሬትም ላይ የሚታይ ቋሚ ነገር ምረጡ፤ ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር፣ የትምህርት ቤት ማዕዘን። ከዚያ እስከ በራችሁ በሜትር ለኩ፣ ረቂቁ ካርታ ላይም በመጠነ ልኬቱ (ስኬሉ) አስሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም አትጻፉ፤ መጀመሪያ ልዩነቱን ፈልጉ።

መንገድ ከሆነ ደግሞ መሐል መስመሩ የት እንደሆነ ጠይቁ። አሁን 8 ሜትር የሆነው መንገድ 15 ይሁን ሲባል 7ቱ ሜትር ከሁለቱም ወገን እኩል ይወሰዳል ማለት አይደለም። ሙሉው ከአንድ ወገን ሊሆን ይችላል።

4. ጻፉ፣ አስገቡ። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ረቂቁ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚጎዳ፣ በምትኩ ምን ይሁን እንደምትሉ። «ቅሬታ አለን» የሚል ጥቅል ወረቀት 60 ሰው ቢፈርምበትም ባለሙያው የሚያስተካክለው መስመር አያገኝበትም። አምስት ቤተሰቦች «መንገዱ 6 ሜትር ወደ ምሥራቅ ቢገፋ የሚነካው ባዶ ቦታ ነው» ብለው ንድፍ ቢያያይዙ ግን ሊመረመር የሚችል ነገር ሰጡት። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በራሳችሁ ቅጂ ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። በእጅ ለኃላፊ ብቻ የተሰጠ ወረቀት ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

5. ስብሰባው ላይ ተገኙ። የጻፋችሁትን በሁለት ደቂቃ ተናገሩ፣ ገቢ ቁጥሩን ጥቀሱ፣ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላችሁም ጠይቁ። ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ከገጠመ እንዲቀየር ቀድማችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ አለዚያ ነጋዴ እናቶች አይመጡም። በክረምት ጎርፉ በየትኛው ግቢ እንደሚገባ፣ ልጆች መንገዱን የት እንደሚሻገሩ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የኛ ሰፈር የጎርፍ መውረጃ ረቂቁ ላይ መኖሪያ ተብሎ ነበር፤ ይህን ተነሥተው የተናገሩት አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው፣ ተስተካከለም።

6. ተመልሳችሁ አረጋግጡ። ብዙ ሰው ከስብሰባው በኋላ ጉዳዩን ይተወዋል። የተሻሻለው ረቂቅ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁና መጀመሪያ ካነሣችሁት ፎቶ ጋር መስመር በመስመር አነጻጽሩ። ያላችሁት ካልገባ፣ ማህተም ያለበትን ቅጂ አባዝታችሁ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለሰፈራችሁ የምክር ቤት አባል አድርሱ።