ምርጫ ያለው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ፦ አንባቢውን ምን ብለን እንጥራው?

እንቆቅልሽ ጠያቂ «እንቆቅልህ» ወይም «እንቆቅልሽ» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ከፊቱ የተቀመጠው ወንድ ይሁን ሴት አይቷል። መልሱ ሲጠፋም «አገር ስጠኝ» ወይም «አገር ስጪኝ» ይላል፤ ጨዋታው የሚቀጥለውም በተሰጠው አገር ነው። አንባቢ እየመረጠ የሚያስኬደው ዲጂታል ልብ ወለድም እንዲሁ በሰሚው መልስ የሚጓዝ ትረካ ነው፤ ልዩነቱ ጸሐፊው አንባቢውን አለማየቱ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ይፈትነዋል።

ለጀማሪ የምመክረው መሣሪያ ትዋይን ነው። ክሪስ ክሊማስ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ ለመጀመርም የኮምፒውተር ቋንቋ ማወቅን አይጠይቅም። ታሪኩ በትንንሽ ገጾች ይከፈላል፤ አንድን ሐረግ በድርብ ማዕዘን ቅንፍ ሲከቡት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ ይሆናል። [[በሩን እከፍታለሁ->እንግዳው]] ብለው ቢጽፉ፣ አንባቢው የሚያየው «በሩን እከፍታለሁ» የሚለውን ብቻ ሲሆን፣ ሲነካው «እንግዳው» ወደተባለው ገጽ ይሻገራል። በኢንተርኔት አሳሽ (ብራውዘር) ላይ የሚጽፉ ከሆነ ሥራዎ የሚቀመጠው እዚያው አሳሹ ውስጥ በመሆኑ፣ የአሳሹ መረጃ ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ በየዕለቱ ቅጂውን ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱ።

ዋናው ጥያቄ አንባቢውን ምን ብለን እንጥራው የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የዚህ ዓይነት ታሪኮች ብዙ ጊዜ አንባቢውን በሁለተኛ መደብ ያናግራሉ፤ የቋንቋው የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም ጾታም አክብሮትም ስለማይለይ ጸሐፊው አይቸገርም። እኛ ግን «ትገባለህ»፣ «ትገቢያለሽ» ወይም «ይገባሉ» ከሚሉት አንዱን ሳንመርጥ አንድም ሰው በር ማስገባት አንችልም። «እርስዎ» ጾታን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ታሪኩን ከቢሮ የወጣ ደብዳቤ ያስመስለዋል፤ ተራኪው ፖሊስ ወይም ዳኛ ካልሆነ በቀር አልመርጠውም። አንባቢውን መጀመሪያ ላይ ጠይቆ መልሱን መመዝገብም ይቻላል፤ ሆኖም የሚለወጠው ተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ግስና «ቤትህ»ን «ቤትሽ» የሚያደርገው ቅጥያ ሁሉ ስለሆነ፣ በተግባር አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ መጻፍና ሁለት ጊዜ ማረም ይሆናል። በእኔ አስተያየት የሚሻለው ጾታዋ የታወቀ አንዲት ባለታሪክ ፈጥሮ በአንደኛ መደብ ማስተረክ ነው፦ «ገባሁ»፣ «ዝም አልኩ»። ያን ጊዜ ሌላው ገጸ ባሕርይ «ነይ፣ ግቢ» ቢል ቃሉ ለእርሷ የተነገረ ይሆናል፤ አንባቢውም ወንድ ቢሆን ውሳኔዋን ይወስንላታል እንጂ የእርሱ ጾታ ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

የማገናኛው ቦታም ከቋንቋው ጠባይ ጋር መስማማት አለበት። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በዐረፍተ ነገር መካከል ያለ ስም ማገናኛ ሲሆን አንባቢው ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ይዘላል። ስለዚህ ምርጫዎቹን ከአንቀጹ ግርጌ፣ ግሳቸው የተሟላ ሐረግ አድርገው ያስቀምጡ። መካከል ላይ ያለ ማገናኛን ትዝታን አሳይቶ ወደ ቦታው ለሚመልስ አጭር ገጽ ብቻ ይተዉት።

ከዚህ በኋላ ቅርንጫፉን በወረቀት ይንደፉ። በየገጹ ሁለት ምርጫ ሰጥተው አሥር ጊዜ ቢያስመርጡና መንገዶቹ ፈጽሞ ባይገናኙ 1,024 መጨረሻዎች፣ በጠቅላላው 2,047 ገጾች ያስፈልጉዎታል፤ አንባቢው በአንድ ጉዞ የሚያየው 11 ገጽ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ምርጫ በኋላ ሁለቱን መንገዶች በአንድ ገጽ ቢያገናኙ ግን 31 ገጽ ይበቃል። ምርጫው እንዲሁ እንዳይቀር፣ ትዋይን ቀድሞ የሚያቀርበው ሃርሎው የተባለው የታሪክ ቅርጽ (ታሪኩ እንዴት እንደሚታይና በምን ትእዛዞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክፍል) የአንባቢውን ውሳኔ የሚመዘግብና በመዝገቡ መሠረት አንቀጽ የሚያሳይ ትእዛዝ አለው፤ በሦስተኛው ገጽ ለእናቷ የዋሸች ልጅ በሃያኛው ገጽ እናቷ ፊት ዓይኗን እንድትሰብር ማድረግ የሚቻለው በዚህ ነው።

መንገዶች በሚገናኙበት ገጽ ላይ «ስለዚህ» ወይም «እንግዳውን አስገብቼ» ብሎ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ እንግዳውን ያላስገባው አንባቢም እዚያው ይደርሳልና። እነዚህን ገጾች ከሁለቱም መንገዶች መጥተው ጮክ ብለው ያንብቧቸው።

ያለቀው ታሪክ በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስለሚወጣ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ የተቀበለው ሰው በስልኩ አሳሽ ይከፍተዋል። ከመበተንዎ በፊት ግን ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ስልኩን ሰጥተው አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ጣቱ የሚያመነታበትንና ሳያነብ የሚያልፈውን ገጽም ይመዝግቡ።