ከርነል ኮምፓይል ሲደረግ የሚያጋጥሙ የሄደር ፋይል ስህተቶች፦ ችግርና መፍትሄ

የሊኑክስ ከርነልን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ወይም ለብቻው የተጻፈ ሞጁልን (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ኮድ) ኮምፓይል ስናደርግ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ስንለውጥ፣ ኮምፓይለሩ አንድ ሄደር ፋይል (ሌላ ኮድ የሚጠቀምባቸውን መግለጫዎች የያዘ ፋይል) አላገኘሁም ብሎ ሲቆም፣ ብዙዎች የጎደለውን ፋይል ከሌላ ቦታ ቀድተው ለማለፍ ይሞክራሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱን ወደሚቀጥለው ሄደር ከማሸጋገር አያልፍም። ከጎደለው ፋይል ስም በፊት መታየት ያለበት ፋይሉን የጠራው ማን እንደሆነ ነው፤ ጠሪው የሞጁሉ ኮድ፣ ከርነሉ ራሱ ወይም በግንባታው ወቅት የሚያገለግሉ አጋዥ ፕሮግራሞች ሊሆኑ ይችላሉ።

ምልክት፦ «ሊኑክስ/ሞጁል.ኤች» አልተገኘም።

በጣም የተለመደው ይህ ነው። አንዱ መንስኤ ሞጁሉን እንደ ተራ ፕሮግራም ጂሲሲ በተባለው የሲ ኮምፓይለር በቀጥታ ኮምፓይል ማድረግ ነው። በ«ዩኤስአር/ኢንክሉድ/ሊኑክስ» ሥር ብዙ ሄደሮች ስለሚታዩ ሁሉም የተሟላ ይመስላል፤ እነዚያ ግን ለተራ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ እንጂ የከርነሉ የውስጥ ሄደሮች አይደሉም። ሞጁል መገንባት ያለበት በከርነሉ በራሱ የግንባታ ሥርዓት፣ ማለትም በኬቢልድ በኩል ነው።

ሁለተኛው መንስኤ የሄደር ፓኬጁ አለመጫኑ ወይም ሥሪቱ አለመግጠሙ ነው። በ«ላይብ/ሞጁልስ» ሥር፣ «ዩኔም» የተባለው ትዕዛዝ ከ«አር» አማራጭ ጋር በሚያሳየው ሥሪት ስም በተሰየመው ማውጫ ውስጥ፣ «ቢልድ» የሚባል ማያያዣ አለ፤ ማያያዣው ወደሌለ ማውጫ የሚያመለክት ከሆነ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው። ከርነሉ ታድሶ ኮምፒውተሩ ዳግም ካልተነሳ፣ የተጫነው ሄደር የአዲሱ፣ እየሠራ ያለው ከርነል ግን የአሮጌው ይሆናል። በኡቡንቱና በዴቢያን የሚጫነው «ሊኑክስ-ሄደርስ» ከሥሪቱ ቁጥር ጋር ሲሆን፣ በፌዶራ ደግሞ «ከርነል-ዴቬል» ነው። የፌዶራው «ከርነል-ሄደርስ» በስሙ ያሳስታል እንጂ የተራ ፕሮግራሞች ሄደር ነው።

ምልክት፦ «ጄነሬትድ/አውቶኮንፍ.ኤች» አልተገኘም።

ይህ ፋይል ከምንጭ ኮዱ ጋር አይመጣም፤ ከርነሉ ሲዋቀር ይፈጠራል። ስለዚህ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ»፣ ቀጥሎም «ሜክ ሞጁልስ_ፕሪፔር» ማስኬድ ይበቃል። ሆኖም ሁለተኛው ትዕዛዝ የሲምቦሎችን (ከርነሉ ለሞጁሎች የሚያጋራቸውን የፈንክሽኖችና የተለዋዋጮች ስሞች) ዝርዝር የያዘውን «ሞጁል.ሲምቨርስ» ስለማይፈጥር፣ የሞጁል ሥሪት ማረጋገጫ በተከፈተበት ከርነል ላይ ሙሉ ግንባታ ያስፈልጋል።

በ«ኤኤስኤም» የሚጀምሩ ሄደሮች ሲጠፉ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የፕሮሰሰር ዓይነት ነው። ለኤአርኤም 64 ፕሮሰሰር የሚገነባ ሰው የፕሮሰሰሩን ዓይነት የሚገልጸውን «አርች» የሚለውን ተለዋዋጭ ሲዋቀርም ሲገነባም በአንድ ዓይነት መስጠት አለበት።

ምልክት፦ ትናንት የሠራ ኮድ ከርነሉ ከታደሰ በኋላ አይገነባም።

ከርነሉ የውስጥ ሄደሮቹን ባሉበት የማቆየት ግዴታ የለበትም። በሥሪት 4.11 ከ«ሊኑክስ/ስኬድ.ኤች» ብዙ ክፍሎች ወደ ንዑስ ሄደሮች ተከፋፍለዋል፤ በ6.12 ደግሞ «ኤኤስኤም/አንአላይንድ.ኤች» ወደ «ሊኑክስ» ማውጫ ተዛውሯል። መፍትሄው አሮጌውን ፋይል ቀድቶ ማምጣት ሳይሆን፣ በ«ሊኑክስ/ቨርዥን.ኤች» የሥሪት ቁጥሩን እያነጻጸሩ ትክክለኛውን ሄደር መጥራት ነው።

ከርነሉን በሙሉ ሲገነቡ የኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ወይም የሊብኤልፍ (ኤልፍ የተባሉ የፕሮግራም ፋይሎችን የሚያነብ ላይብረሪ) ሄደር ከጠፋ ግን ጥፋቱ ከከርነሉ ኮድ አይደለም። የጠሯቸው አጋዥ ፕሮግራሞቹ ስለሆኑ፣ በኡቡንቱና በዴቢያን «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ» እና «ሊብኤልፍ-ዴቭ» ሲጫኑ ግንባታው ይቀጥላል።